መዥገርን በመልኩ መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መዥገር ያገኘ ሰው ቶሎ ዓይኑ የሚያርፈው በመጠኑና በቀለሙ ላይ ነው። ሁለቱም ያሳስታሉ። አንዲት ሴቴ መዥገር ደም ከመጥባቷ በፊት ጠፍጣፋና ቡናማ ናት። ከሳምንት በኋላ ያቺው መዥገር የተነፋ ግራጫ ከረጢት ሆና ትገኛለች። ያየ ሰው ሌላ ዝርያ ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም።

ደም ቢጠባም ባይጠባም የማይለወጡ ክፍሎች ግን አሉ፤ የጀርባው ጋሻ፣ የአፉ ቅርጽ፣ በሆዱ በኩል ያለው ቀጭን መስመር። ከታች ያሉት መልሶች በሙሉ የሚያጠነጥኑት በእነዚህ ላይ ነው።

ያገኘሁት ነገር መዥገር መሆኑን በምን ላውቅ?

መዥገር ከነፍሳት ወገን አይደለም። ዘመዶቹ ሸረሪትና ጊንጥ ናቸው። ክንፍ የለውም፣ አንቴናም የለውም። ሰውነቱም ደረትና ሆድ ተብሎ አይለይም፤ አንድ ወጥ ከረጢት ነው፣ ከፊቱ አፍ ብቻ ወጣ ብሎ ይታያል።

ትኋን ስድስት እግርና ሁለት አንቴና አላት፤ ሆዷም ላይ ተደራራቢ ቀለበቶች ይታያሉ። ቁንጫ ከጎንና ከጎን የተጨመቀች ናት፣ ትዘላለች። መዥገር አይዘልም። ሣር ወይም ቅጠል ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ ያለፈውን እንስሳ ወይም ሰው ይይዛል። ሸረሪት ደግሞ ወገቧ ቀጭን ነው፤ መዥገር ወገብ የለውም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ውሻ ላይ የሚወጣ ትንሽ የቆዳ እባጭ ብዙ ጊዜ ከመዥገር ጋር ይምታታል። ሰዎች መዥገር ነው ብለው ሲጎትቱት ውሻው ይጎዳል። ከመጎተታችሁ በፊት ፀጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ እግር ፈልጉ። እግር ከሌለው አትንኩት።

የዕድገት ደረጃዎቹ ስንት ናቸው? እንዴትስ ይለያሉ?

አራት ናቸው፤ እንቁላል፣ እጭ፣ ኒምፍ እና ጎልማሳ።

እጭ ስድስት እግር ብቻ አለው። ብዙ ሰው መዥገር ሁሌም ስምንት እግር አለው ብሎ ስለሚያስብ፣ ስድስት እግር ያለውን ሲያይ ሌላ ነገር ይመስለዋል። መጠኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የጤፍ ፍሬ ያህል ነው ማለት ይቻላል። ከአንድ ቦታ ከተጣለ እንቁላል ስለሚፈለፈል ብዙ ጊዜ በመንጋ ነው የሚገኘው። ልብስ ላይ የሚንቀሳቀስ አቧራ ካያችሁ እጭ ሊሆን ይችላል።

ኒምፍ ስምንት እግር አለው። ካልጠባ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሆናል። መልኩ እንደ ትንሽ ጎልማሳ ነው፤ ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ጎልማሳውም ስምንት እግር አለው፤ ሳይጠባ በብዙዎቹ ዝርያዎች ከሁለት እስከ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው።

ታዲያ ኒምፍንና ትንሽ ጎልማሳን በምን እለያቸዋለሁ?

ገልብጡት። ጎልማሳ መዥገር በሆዱ በኩል፣ በእግሮቹ መነሻዎች መካከል፣ የመራቢያ ቀዳዳ አለው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ በመሃል መስመር ላይ ያለ ትንሽ ስንጥቅ ወይም ቅስት ይመስላል። ኒምፍ ላይ ይህ ቀዳዳ የለም፤ ቦታው ልሙጥ ነው።

እጭን ከኒምፍ የሚለይም ከእግር ቁጥር ሌላ ምልክት አለ። ጋሻ ያላቸው መዥገሮች ኒምፍና ጎልማሳ ከአራተኛው እግር ኋላ፣ በግራና በቀኝ ጎን፣ ክብ ወይም ሞላላ የመተንፈሻ ሳህን አላቸው። እጭ የለውም። እግሩ የተቆረጠ ናሙና ሲገጥማችሁ ይህ ይጠቅማል፤ ከቆዳ ላይ ተጎትቶ የወጣ መዥገር ደግሞ እግሩ ጎድሎ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ጋሻ ያላት ሴቴ ጎልማሳ ሌላም ምልክት አላት። ከአፏ መሠረት ላይ፣ በጀርባ በኩል፣ እንደ ወንፊት ጥቃቅን ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ቦታዎች ይታያሉ። ወንዴም፣ ኒምፍም፣ እጭም ላይ አታገኟቸውም።

ወንዴና ሴቴ እንዴት ይለያሉ?

ጋሻ ያላቸው መዥገሮች ላይ ቀላል ነው። የወንዴው ጋሻ ጀርባውን በሙሉ ይሸፍናል፤ የሴቴዋ ግን ከአፏ ኋላ ያለውን የፊት ክፍል ብቻ። የቀረው ጀርባዋ የሚለጠጥ ቆዳ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሴቴዋ እንቁላል ለመጣል ብዙ ደም ትፈልጋለች፣ ክብደቷም ደም ከመጥባቷ በፊት ከነበረው መቶ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ጀርባዋ በሙሉ በጋሻ ቢሸፈን ኖሮ መነፋት አትችልም ነበር። ወንዴው ብዙም ስለማይነፋ ሁሌም ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚገኘው።

እጭና ኒምፍም እንደ ሴቴዋ ግማሽ ጋሻ ነው ያላቸው። ስለዚህ «ግማሽ ጋሻ አለው፣ ሴቴ ነው» ከማለት በፊት ጎልማሳ መሆኑን አረጋግጡ።

ለስላሳ መዥገር የሚባለውስ?

መዥገሮች ወደ 900 ዝርያዎች ናቸው፤ ሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች አሏቸው። ጋሻ ያላቸው ይበዛሉ፣ ወደ 700 ይጠጋሉ። ቀሪዎቹ ከሞላ ጎደል ለስላሳ መዥገሮች ናቸው።

ለስላሳ መዥገር ጋሻ የለውም። ቆዳው እንደ ተጨማደደ ሌጦ ነው። ኒምፉንና ጎልማሳውን ከላይ ብታዩት አፉ አይታይም፤ ከሆዱ በታች ተደብቋል። በእጩ ላይ ግን አፉ ወደ ፊት ወጥቶ ይታያል፤ ስለዚህ ይህን መለያ ለእጭ አትጠቀሙበት። የኒምፍ ደረጃውም አንድ አይደለም፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ጊዜ ቆዳውን እየቀየረ ያድጋል። በመጠን ብቻ ዕድሜውን መገመት የማይቻለው ለዚህ ነው።

የሰውነቱ ጠርዝ ስል ሆኖ ጀርባና ሆዱን የሚለይ መስመር ዙሪያውን ከታየ የአርጋስ ወገን (የተቀራረቡ ዝርያዎች ቡድን) ነው፤ ብዙዎቹ ከወፍና ከዶሮ ጋር የሚኖሩ ናቸው። ጠርዙ ድቡልቡል ሆኖ ይህ መስመር ከሌለ ኦርኒቶዶሮስ የሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል።

ብዙዎቹ ለስላሳ መዥገሮች ሌሊት መጥተው ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ጠብተው ይሄዳሉ። ቆዳ ላይ ለቀናት ተጣብቆ ያገኛችሁት ጎልማሳ መዥገር ባለ ጋሻ ነው ብላችሁ ብትነሱ አትሳሳቱም።

ደም ጠግቦ የተነፋ ነው ያገኘሁት። አሁንም መለየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

እንዲህ አድርጉ። የተነፋውን መዥገር ነጭ ሳህን ላይ አስቀምጡ፤ በእርጥብ ቀጭን ብሩሽ አፉ ያለበትን ጫፍ ጥረጉ። መጀመሪያ የሚታያችሁ ግራጫ፣ የሚያብረቀርቅ ኳስ ብቻ ነው። ብርሃኑን ከጎን አድርጉና በአጉሊ መነጽር ጫፉን እዩ። ከኳሱ ፊት ላይ፣ እንደ ትንሽ ጥፍር የተለጠፈች ቡናማ ቁራጭ ታገኛላችሁ። ጋሻዋ ያቺ ናት። ሰውነቷ ሲነፋ ጋሻው አላደገም፤ እንደነበረ ቀረ። በጋሻው ላይ የነበረ ነጭ ምልክት ካለ አሁንም እዚያው ነው። እግሮቹም ከጋሻው ግራና ቀኝ ተሰብስበው ይታያሉ።

ጋሻው አለማደጉ ሌላም ጥቅም አለው። ተመራማሪዎች የሰውነቱን ርዝመት ከጋሻው ስፋት ጋር አነጻጽረው መዥገሩ ለምን ያህል ጊዜ ተጣብቆ እንደቆየ ይገምታሉ።

በነገራችን ላይ አውሮፓ ውስጥ በብዛት የሚገኘው መዥገር ሳይንሳዊ ስሙ ኢክሶደስ ሪሲነስ ነው። ሪሲነስ በላቲን መዥገር ማለት ነው። የጉሎ ተክልም የሳይንሳዊ ስሙ የመጀመሪያ ቃል ይኸው ሪሲነስ ነው። የጉሎን ፍሬ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ካያችሁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል፤ ከፊቱ ያለችው ትንሽ እብጠት ሳትቀር ደም የጠገበ መዥገር ይመስላል።

ወገኑን ለማወቅ ከየት ልጀምር?

ብዙ ሰው ከጀርባው ሥዕል ይጀምራል። እኔ ከሆዱ ጀምሩ እላለሁ።

ገልብጡትና ወደ ኋላ በኩል ያለውን የፊንጢጣ ቀዳዳ ፈልጉ። አጠገቡ ቀጭን መስመር አለ። መስመሩ ቀዳዳውን ከፊት በኩል እንደ ቅስት ዞሮት ካለፈ ወገኑ ኢክሶደስ ነው፤ በዚች አንዲት ምልክት ብቻ ከሌሎቹ ወገኖች በሙሉ ይለያል። ኢክሶደስ ዓይን የለውም፣ ጋሻውም ላይ ነጭ ሥዕል የለውም፣ የኋላ ጠርዙም ልሙጥ ነው። የላይም በሽታን (በባክቴሪያ የሚመጣ ሕመም ነው) ለሰው የሚያስተላልፉት መዥገሮች ከዚህ ወገን ናቸው።

መስመሩ ከቀዳዳው ኋላ ከዞረ ወደ ፊት አምጡትና አፉን እዩ። አፉ ረጅም ነው አጭር? በአፉ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት መዳሰሻዎች ከአፉ መሠረት ጋር አወዳድሩ።

አፉ ረጅም ከሆነ በብዛት ሁለት ምርጫ ነው ያለው፤ አምብልዮማ ወይም ሃያሎማ። አምብልዮማ አብዛኛውን ጊዜ ጋሻው በቀለም ያጌጠ ነው። አፍሪካ ውስጥ ከብት ላይ የሚገኘው የአምብልዮማ ቫሪዬጋተም ወንዴ ብርቱካናማ ጀርባ አለው፣ በላዩ ጥቁር ቡናማ መስመሮች ያልፉበታል፤ እግሮቹም ላይ ነጫጭ ቀለበቶች አሉ። ካየሁዋቸው መዥገሮች ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። በከብት፣ በበግና በፍየል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከባድ ነው፤ የልብ ውሃ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፣ ረጅም አፉም ጥልቅ ቁስል ይተዋል። ሃያሎማ ደግሞ ጋሻው ያለ ሥዕል ቡናማ ነው፣ እግሮቹ ግን ባለ ቀለበት ናቸው። ዓይኖቹ እንደ ዶቃ ጎላ ብለው በጋሻው ጠርዝ ላይ በትናንሽ ጉድጓዶች ተቀምጠዋል። ጎልማሳው ሣር ላይ ወጥቶ ከመጠበቅ ይልቅ መሬት ላይ እየሮጠ ወደ እንስሳው ይመጣል፤ ስምንት እግር ያለው ቡናማ ነገር ወደ እናንተ ሲሮጥ ካያችሁ እሱን ጠርጥሩ።

አፉ አጭር ከሆነ የአፉን መሠረት ቅርጽ ከላይ እዩ። ባለ ስድስት ማዕዘን ሆኖ ግራና ቀኝ ሹል ከወጣ ሪፒሴፋለስ ነው። ባለ አራት ማዕዘን ከሆነና ጋሻው ላይ ብርማ ነጭ ሥዕል ካለ ደርማሴንተር ነው፤ የወንዴው አራተኛ እግር መነሻም ከሌሎቹ በጣም ይገዝፋል። ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ዓይን ከሌለው፣ የመዳሰሻዎቹ ሁለተኛ አንጓ ደግሞ ወደ ጎን እንደ ክንፍ ከወጣ ሄማፊሳሊስ ነው።

ደርማሴንተር፣ ሄማፊሳሊስ፣ አምብልዮማና አብዛኛው ሪፒሴፋለስ በኋላ ጠርዛቸው ላይ ሌላ ምልክትም አላቸው። ጠርዙ በትናንሽ ቁመታዊ ስንጥቆች እንደ ዳቦ ቁራሽ በእኩል ተከፋፍሏል። ሴቴዋ ስትነፋ ግን ይህ ክፍፍል ይጠፋል።

ሰማያዊ የሚመስለው የከብት መዥገርስ?

ቀድሞ ቦፊለስ ተብሎ ለብቻው ወገን ነበር፤ ከ2003 ወዲህ በሪፒሴፋለስ ውስጥ ነው የሚመደበው። ጠግባ የተነፋችው ሴቴ ግራጫ ሰማያዊ ትመስላለች። አፏ በጣም አጭር ነው፣ የኋላ ጠርዟም አልተከፋፈለም፣ በፊንጢጣው ዙሪያ ያለው መስመርም ለማየት ያስቸግራል። ወንዴው በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከሴቴዋ ሆድ ሥር ተጣብቆ ይገኛል፤ ሴቴዋን ስትነቅሉ አብሮ ይመጣል።

በዚህ ቡድን ውስጥ ዝርያውን የሚለየው የመውጊያው፣ ማለትም ቆዳ ውስጥ የሚገባው የአፉ ክፍል፣ ጥርስ ነው። መውጊያው በመሃል ለሁለት ይከፈላል። በየጎኑ ሦስት ሦስት ረድፍ ጥርስ ካለ ዴኮሎራተስ፣ አራት አራት ከሆነ ማይክሮፕለስ ወይም አኑላተስ። ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ ግድ ነው።

የአኑላተስ ታሪክ በሕክምናም ትልቅ ቦታ አለው። ተመራማሪዎቹ ቴዎባልድ ስሚዝና ፍሬድ ኪልቦርን በ1893 የከብት ትኩሳትን የሚያስተላልፈው መዥገር መሆኑን ያሳዩት በዚህ ዝርያ ላይ ነው።

ጀርባዋ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ያላት አገኘሁ። ይህ ብቻ በቂ ነው?

ለአንድ ዝርያ፣ ለአንድ ፆታ፣ ለአንድ ደረጃ ብቻ በቂ ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው የአምብልዮማ አሜሪካነም ጎልማሳ ሴቴ በጋሻዋ ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለቻት። ወንዴው ይህ ነጥብ የለውም፤ በኋላ ጠርዙ የተበታተኑ ፈዛዛ ምልክቶች ናቸው ያሉት። ኒምፉም እጩም ነጥብ የላቸውም። «ነጥብ ስለሌለው እሱ አይደለም» የሚለው ድምዳሜ ብዙ ሰው ያሳሳተ ነው።

በአጠቃላይ የጋሻ ጌጥ የጎልማሶች ነው። የደርማሴንተር ኒምፍም ነጩን ሥዕል አልለበሰም።

እጭና ኒምፍን እስከ ዝርያ ድረስ በዓይን መለየት ይቻላል?

በዓይን አይቻልም። ኒምፍን በጥሩ ማይክሮስኮፕ ወገኑን፣ አንዳንዴም ዝርያውን ማወቅ ይቻላል። እጭ ግን በመስታወት ላይ ተዘጋጅቶ የፀጉሮቹ ቁጥርና ቦታ መቆጠር አለበት። ስለዚህ ከስልክ ፎቶ ላይ የእጭን ዝርያ በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ላቦራቶሪዎች በዲኤንኤ ይለያሉ፤ ለእጭና ለተጎዳ ናሙና ከሁሉም የተሻለው መንገድ እሱ ነው።

ስነቅለው «ጭንቅላቱ» ቆዳዬ ውስጥ ቀረ። ያለ እሱ ይታወቃል?

የቀረው ጭንቅላት አይደለም። መዥገር እንደ ነፍሳት የተለየ ጭንቅላት የለውም፤ አንጎሉ ከረጢቱ ውስጥ ነው፣ ዓይን ካለውም በጋሻው ጠርዝ ላይ ነው። ቆዳ ውስጥ የሚቀረው መውጊያው ነው። ለመለየት ግን ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ከላይ እንዳያችሁት ግማሹ መለያ አፉ ላይ ነው። በቀጭን ጫፍ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ፣ ሳትጠመዝዙ፣ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። እሳት፣ ቅባት፣ ነዳጅ አትጠቀሙ። በጣታችሁም አትጨፍልቁት።

ያገኘሁበት እንስሳ ፍንጭ ይሰጣል?

ይሰጣል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። የቦፊለስ ቡድን ከእጭ እስከ ጎልማሳ በአንድ እንስሳ ላይ ይኖራል፤ ስለዚህ በአንድ ላም ላይ ሦስቱንም ደረጃ አብረው ካገኛችሁ ጥርጣሬያችሁ ወደዚያ ይሂድ። ባለ ሦስት እንስሳ የሚባሉት ደግሞ ጠብተው ይወድቃሉ፣ መሬት ላይ ቆዳ ይቀይራሉ፣ ሌላ እንስሳ ይፈልጋሉ። እጩ አይጥ ወይም ወፍ ላይ፣ ጎልማሳው ከብት ወይም አጋዘን ላይ ሊሆን ይችላል።

ቦታውም ይናገራል። ሪፒሴፋለስ አፔንዲኩላተስ ጆሮ ይመርጣል። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ሲወጣ የምታዩት መዥገር ደግሞ፣ በተለይ ውሻ ካላችሁ፣ ቡናማው የውሻ መዥገር ሪፒሴፋለስ ሳንጊኒየስ ሊሆን ይችላል። ይህ ዝርያ ሕይወቱን በሙሉ በቤትና በውሻ ማደሪያ ውስጥ መጨረስ ይችላል።

ዝርያውን ካወቅሁ በሽታ እንደያዘ አውቃለሁ?

አታውቁም። ዝርያው የሚነግራችሁ የትኛውን በሽታ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ነው። ያ አንድ መዥገር ተሕዋሲውን ይዟል አልያዘም የሚለው ሌላ ምርመራ ነው። ከተነከሳችሁ በኋላ ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ መዥገሩ እስኪለይ አትጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ መዥገር እንደነከሳችሁም ንገሩ።

ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ለጎልማሳ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ብዙ ጊዜ እስከ ወገኑ ያደርሳል። ከጎን የሚመጣ ብርሃንና ቀጭን ብሩሽም ይኑራችሁ። ፎቶ የምትልኩ ከሆነ ሦስት አንሱ፤ ጀርባውን፣ ሆዱን፣ አፉን በቅርብ። አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ። የጀርባ ፎቶ ብቻ የሚልክ ሰው ይበዛል፤ ያን ጊዜ መልሱ ግምት ከመሆን አያልፍም።

ለባለሙያ እስካደርሰው እንዴት ላቆየው?

70 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት። ለዲኤንኤ ከሆነ 95 በመቶ ይሻላል። ፕላስተር ላይ አትለጥፉት፤ ሲነሳ እግሩና አፉ ይሰበራል።

ወረቀት ቁረጡና ያገኛችሁበትን ቀን፣ ቦታውን፣ የእንስሳውን ዓይነት፣ ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደነቀላችሁት ጽፋችሁ ጠርሙሱ ውስጥ አብራችሁ አስገቡት። በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል።